«አልቋል» ሲሏችሁ

ሶፍትዌር ለምታሠሩ ሁሉ፣ ከውስጥ ሆኜ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። የሥራ መከታተያው ጂራ ላይ «አልቋል» በሚለው ዓምድ ሥር ከተደረደሩት ካርዶች መካከል ያላለቁ አሉ። ማንም ሊያታልላችሁ ፈልጎ አይደለም። ኮዱን የጻፈው ባለሙያ በእሱ በኩል ጨርሷል፤ ሥራውን የሚረከበው ሌላው ቡድን ግን ገና አልሞከረውም።

የማውቀውን ልንገራችሁ። አንድ የክፍያ መተግበሪያ ነበር። አንዱ ቡድን የሞባይሉን፣ ሌላው የሰርቨሩን ሥራ ይዟል። ሁለቱም የጠዋቷን የ15 ደቂቃ ስብሰባ አያስታጉሉም፤ የሚሰበሰቡት ግን ለየብቻ ነው። ሰርቨሩ ሒሳቡን በሳንቲም ይልካል፤ ሞባይሉ እንደ ብር ይቀበለዋል። 100 ብር የከፈለ ሰው ስልኩ ላይ 10,000 ብር ተጽፎ ያያል። ሁለቱም የየራሳቸውን ክፍል ፈትሸው፣ ሁለቱም ካርዳቸውን ዘግተዋል። ስሕተቱ ያለው በመካከላቸው ነው፤ ለመካከሉ ካርድ የከፈተ አልነበረም። «በሳንቲም ነው የምንልከው» መባሉስ ተብሎ ነበር። የተባለው ግን በቴሌግራም ነው፤ ያውም መሪዎቹ ብቻ ባሉበት ግሩፕ። ኮዱን የሚጽፉት አላዩትም።

የሶፍትዌር አሠራር መርሖችን የዘረዘረው የአጃይል ማኒፌስቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ዩታ ውስጥ፣ ስኖውበርድ ላይ ሲወጣ፣ 17ቱ ፈራሚዎች ከተንዛዛ ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር ይቅደም አሉ። ሰነድ ይቅር ያለ የለም። በየቢሮው ግን ብዙ ሰው የያዘው ይቅር የሚለውን ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሲስተም የራሱን የመነጋገሪያ መዋቅር ይመስላል። የማይነጋገሩ ቡድኖች የማይግባቡ ክፍሎች ይሠራሉ።

በደንብ የሚሠሩት ቤቶች ኤፒአዩን፣ ማለትም ክፍሎቹ መረጃ የሚለዋወጡበትን ስምምነት፣ በጽሑፍ ያስቀምጣሉ፤ የመስኩ ስም፣ ዓይነቱ፣ መለኪያው ሳይቀር ተጽፎ ከኮዱ ጋር አንድ ቦታ ይቀመጣል። ሁለቱም ቡድኖች ሳያዩት አይለወጥም። በእኔ እምነት በስፕሪንቱ (በአጭሩ የሥራ ዙር) ውስጥ ከሚዘጋጀው ወረቀት ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ስክረም የሚባለው የቡድን አሠራር የ2020ው መመሪያም በአንድ ምርት ላይ የሚሠሩ ቡድኖች «አልቋል» የሚባለው መቼ እንደሆነ በጋራ ተስማምተው፣ ሁሉም ያንኑ እንዲያከብሩ ያዛል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የስፕሪንት ግምገማ ላይ በባለሙያው ላፕቶፕ በሚታየው ብቻ አትርኩ። መተግበሪያው በራሳችሁ ስልክ ላይ ይጫንላችሁ፤ በሙከራ ሒሳብ ክፈሉ፤ ማዶ ስንት ብር እንደገባ ጠይቁ። ካርዱ የሚዘጋው ያኔ ነው።