ፍሬን ሲያዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

ልጄ የልጅ ልጆቼን ይዞ ለዘመድ ሠርግ ወደ ደጀን ሊሄድ ሻንጣ ሲጭን፣ ከቤት ወጥቼ ፒክአፑ ፊት ቆምኩ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ፍሬን ስትይዝ መሪው የሚንቀጠቀጠውን ሳታስመረምር ልጆቹን ይዘህ ዓባይ በረሃ አትወርድም» አልኩት።

«የፍሬን ሸራ ከተቀየረለት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው እኮ!» ብሎ ተቆጣ። እኔም ተቆጣሁ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ፍሬን ከከዳ መመለሻ የለም። በነርስነት ዘመኔ በመኪና አደጋ የተጎዱትን ቁስል ሳጥብ ኖሬያለሁና ፍርሃቴ ከወሬ የመጣ አልነበረም።

በማግስቱ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድን። ከቡሎን እስከ ሞተር የሚገኝበት ሠፈር ነው። «መርካቶ» የሚለው ስም ከጣልያንኛ እንደመጣ ሁሉ፣ የመካኒኮቹም ቋንቋ ኩሽኔታ፣ ሞዞ፣ ቴስቲኒ እያለ ከዚያው የተወረሰ ነው። ሰዎች የጠቆሙን ሽማግሌ መካኒክ ግን መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። ይህን ሳይ ልቤ አረፈ። እኛስ በሽተኛ ሲመጣ «መቼ ጀመረህ? የት ያምሃል? ምን ሲሆን ይብስብሃል?» አይደል የምንለው?

የጠየቁትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ለማንኛውም ባለመኪና ይጠቅማል።

መጀመሪያ፣ «የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው?» አሉ። ፍሬን ሳይያዝም በፍጥነት ሲነዱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፍሬኑ ይዞራል።

ቀጥሎ፣ «መሪው ላይ ነው ወይስ ወንበሩ ላይ?» ብለው ጠየቁ። መሪው ላይ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ የፊት ዲስክ ነው። ወንበሩ ላይ ከተሰማ ደግሞ የኋላው ታምቡር ሊሆን ይችላል። ኤቢኤስ ያለው መኪና ድንገት በኃይል ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ እግር ሥር ቢርገበገብ ግን በሽታ አይደለም፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናውን በክሪክ አነሡት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁ፤ ቢላላ ኖሮ ኩሽኔታው ይጠረጠር ነበር። ግራና ቀኝ ይዘው ነቀነቁ፤ ይህ ደግሞ ለቴስቲኒ ነው። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ጎማው ሲወልቅ ነገሩ ተገለጠ። በግራ በኩል የውስጠኛው ሸራ ከውጭኛው ይልቅ በጣም ተበልቷል። ፒንሳው የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ተጣብቋል። በዚህ የተነሣ ሸራው ፔዳሉ ከተለቀቀም በኋላ ዲስኩን እያሸ ያግለው ነበር። ሽማግሌው ዲስኩን ዙሪያውን በማይክሮሜትር ሲለኩት ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ልዩነት ግን መሪ ለማንቀጥቀጥ ይበቃል።

«ሸራውን የቀየረው ጋራዥ ዲስኩን ለክቶት ነበር?» አሉ። ልጄ ዝም አለ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ወባውን እንደመተው ነበር የሆነው።

«ቶርኖ ቤት ወስደን ብናስልጠውስ?» አለ ልጄ። ሽማግሌው ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት አሳዩት። ከተላጠ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ የሳሳ ዲስክ ደግሞ ቶሎ ይግላል። አንዱን ብቻ እንግዛ ሲልም «ጫማ አንድ እግር ይገዛል እንዴ? ጥንድ ነው» አሉት። ከአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ዲስክና ሙሉ የፊት ሸራ ገዛን።

ፒኑን አጽድተው ለፍሬን የሚሆን ግሪስ ቀቡት። ዲስኩ የሚያርፍበትን የሞዞ ፊት በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉ፤ እዚያ የቀረች ትንሽ ዝገት አዲሱን ዲስክ ታወላግደዋለችና። ዳዶዎቹንም በተርታ ሳይሆን አንዱን፣ ቀጥሎ ትይዩውን እያሉ በልክ አጠበቁ። ያለ ልክ በመሣሪያ ማጥበቅ ዲስኩን ያወላግደዋል።

«አሁን መሄድ እንችላለን?» አለ ልጄ።

«ሲስተር ይፈቅዱልሃል?» ብለው ሳቁና፣ «አዲስ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ ጥቂት ቀን ከተማ ውስጥ ቀስ እያልክ ንዳ። ቁልቁለቱን ስትወርድም በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ያዝ፣ ልቀቅ። እግርህን ጭነህበት አትውረድ» አሉት።

ሠርጉ አመለጣቸው። ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ለመልሱ ግን ደረሱ። የዓባይን በረሃ ተሻግረው ደጀን እንደገቡ ስልኬ ጮኸ። «እማ፣ መሪው ጸጥ ብሏል» አለኝ። ከኋላው የልጆቹ ጫጫታ ይሰማኝ ነበር።

ውድ አያቶች፣ ስለ መኪና ባናውቅም የልጆቻችን ልጆች የሚሳፈሩበት ነውና «ለምን ይንቀጠቀጣል?» ብለን ለመጠየቅ አንፈር። ሳይቃጠል በቅጠል።