የመጀመሪያ እትም (የአማርኛ መጻሕፍት)

የመጀመሪያ እትም ማለት አንድ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ሲወጣ ለአንባቢ የቀረበው ነው። አሮጌ መጻሕፍትን ለሚሰበስብ ሰው ነገሩ የዋጋ ጉዳይ ነው። ለተማሪ ግን ከዚያ ያልፋል፤ መጽሐፍ እንደገና ሲታተም የገጹ ቁጥር ሊዛወር፣ ቃላትም ሊታረሙ ስለሚችሉ፣ ከየትኛው እትም እንደጠቀሰ ያላወቀ ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል።

በአሜሪካና በእንግሊዝ ብዙ አሳታሚዎች በመጽሐፉ የውስጥ ገጽ የቁጥር ረድፍ ያትማሉ፤ 1 ቁጥር ካለበት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ኅትመት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በወጡ የአማርኛ መጻሕፍት ላይ ይህን መጠበቅ አይቻልም። «ሁለተኛ እትም» የሚለውም ብዙ ጊዜ «ሳይለወጥ በድጋሚ ታተመ» ማለት ብቻ ነው።

ዓመተ ምሕረትና ማተሚያ ቤት

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1965 ወይም 1966 መሆኑ ነው። ቁጥሩን ሳይቀይር ወደ ኮምፒውተር ካታሎግ ያስገባ ሰው መጽሐፉን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። የመቅድም ቀንም ብቻውን አይታመንም፤ መቅድም ከነቀኑ በየእትሙ ሊደገም ይችላል።

የታተመበት ከተማና የማተሚያ ቤቱ ስም የተሻለ ይረዳሉ። በበጌምድር የተወለዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የጻፉት «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በመጀመሪያ የታተመው በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ» የሚል ቅጂ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢወይብ የመጀመሪያው አይደለም። ብርሃንና ሰላምም ከአብዮቱ በፊት በስሙ ላይ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚል ይጨምር ነበር። በፊደል ለቀማ የታተመ ገጽ ጀርባው ሲዳሰስ የፊደሉ ጉብታ ሊሰማ ይችላል። ባርኮድ ያለበት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ብዙ ምርመራ አያስፈልገውም፤ የ1958ቱ አይደለም።

የኦሮማይ ጉዳይ

አስቸጋሪው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. ካወጣው ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ በድብቅ እየተባዛ ተነበበ። ፎቶ ኮፒ ደግሞ የአሳታሚውንም ስም፣ ዓመቱንም፣ ዋጋውንም እንዳለ ይገለብጣል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ መለየት አይቻልም። የተንጋደደ ኅዳግ፣ በየገጹ የሚደጋገም ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቀለሙ የጠፋ ሽፋን ካለ ቅጂው የተባዛ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለው ቅጂ «ኦሪጅናል» ተብሎ ከተሸጠ ገዢው ተታሏል፤ ሆኖም በደርግ ዘመን የተባዛ መሆኑ ከታወቀ በራሱ የታሪክ ማስረጃ ስለሆነ መጣል የለበትም።

የሚያጠራጥር ቅጂ ያጋጠመው ሰው በወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ካለ ሌላ ቅጂ ጋር ገጽ በገጽ ማስተያየት ይችላል።