ልስላሴው አያታላችሁ፦ ስለ ሱፍ ክር አመራረጥ

የሹራብ ክር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ልቃቂቱን አንስቶ በመዳፉ መጭመቅ ነው። ለስለስ ካለው «ጥሩ ነው» ይላል፤ ከቆረቆረው መልሶ ያስቀምጠዋል። ሻጩም ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ «እስቲ ንኪው!» እያለ ያቀብላል። እኔ ግን ሱፍን ከምንመዝንባቸው መንገዶች ሁሉ ደካማው ይኸው ነው ባይ ነኝ። ልስላሴ ስለ አንድ ነገር ብቻ ይነግረናል፤ ስለ ፀጉሩ ቅጥነት። ሹራቡ ከጥቂት እጥበት በኋላ ምን እንደሚመስል፣ ብብቱ ሥር ሲፋተግ ምን እንደሚሆን፣ ተለጥጦ መመለስ አለመመለሱን አይነግረንም። አንዳንዴማ ስለ ቅጥነቱም አያስረዳም፤ ፋብሪካ ውስጥ በማለስለሻ ኬሚካል ተነክሮ የወጣ ክር ሱቅ ላይ ሐር መስሎ፣ ቤት ሲታጠብ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

የበግ ፀጉር ቅጥነት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ማለት ነው። በልስላሴው ስሙ የገነነው የሜሪኖ በግ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ነው። ኮሪዴል የሚባለው ዝርያ ከ25 እስከ 31 አካባቢ ይሆናል፤ ለምንጣፍ የሚውለው ሱፍ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወፍራል። ቀጭን ፀጉር ቆዳ ሲነካ ይታጠፋል፣ ስለዚህ አይሰማንም። ወደ 30 ማይክሮን የደረሰና ያለፈው ግን አይታጠፍም፤ ጫፉ ይወጋል። «ሱፍ አይስማማኝም» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚቸገሩት በዚህ ጫፍ እንጂ በአለርጂ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ቅጥነት መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን ቀጭኑ ፀጉር ብዙውን ጊዜ አጭርም ነው፣ በፍትጊያም ቶሎ ይበጠሳል። አጭር ፀጉር ከክሩ ውስጥ ሾልኮ ይወጣና እርስ በርሱ ተጠቅልሎ ሹራቡ ላይ የምናያቸውን ትናንሽ የፀጉር እንክብሎች ይሠራል። በእጃችን የወደድነው ባሕርይ ራሱ፣ ክሩ በደንብ ካልተፈተለ ሹራቡን ያስረጀዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ዐይናችንን ከፀጉሩ ወደ ፈትሉ እናዙር። የልቃቂቱን ጫፍ ስባችሁ አንድ ስንዝር ያህል በሁለት እጃችሁ ያዙና ከከረረበት በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሩት። ክሩ ላልቶ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ፈትል ሆኖ ከተለያየ የተገመደ ነው፤ አንዱ ፈትል ሌላውን ስለሚጠብቀው ፍትጊያን ይችላል። ሳይለያይ ላልቶ ፀጉር ብቻ ከሆነ ነጠላ ፈትል ነው። ቀጥላችሁ አንዱን ፈትል አላልታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ወዲያው ብን ብሎ ከተለያየ ፀጉሩ አጭር ነው፣ እየተንሸራተተ ረዘም ብሎ ከተጎተተ ረጅም ነው። የፀጉሮቹንም አቀማመጥ ተመልከቱ። ተበጥሮ የተፈተለ ሱፍ ፀጉሮቹ ጎን ለጎን የተኙ፣ ክሩም ለስላሳ ገጽ ያለውና ጠንካራ ነው። ተነድፎ ብቻ የተፈተለው ፀጉሩ በየአቅጣጫው የተሰባጠረ፣ አየር የያዘ፣ ቀለል ያለና የሚያሞቅ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ለካልሲ፣ ሁለተኛውን ለወፍራም የብርድ ሹራብ እመርጣለሁ። ለካልሲማ ከሩብ ያልበለጠ ናይሎን ቢቀላቀልበት አልከፋም፤ ተረከዝ ላይ ንጹሕ ሜሪኖ ብዙ አይቆይም።

«ታዲያ ሻካራ ሱፍ ግዙ ልትለን ነው?» የሚል ይኖራል። የመንዝን ባና አስቡት። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ ማንም ከሜሪኖ ጋር አያወዳድረውም። ነገር ግን ከዚያ ፀጉር የተሠራ ባና የደጋን ብርድ ይመክታል፤ ከጥቁር ሱፍ የተሠራ በርኖስም ነፋስና ካፊያ ላይ ለሚውል ሰው መከታ ነው። ሁለቱም የሽመና እንጂ የሹራብ ሥራ አይደሉም፣ ልብስ ላይ የሚደረቡ እንጂ ገላ ላይ የሚያርፉም አይደሉም፤ ነጥቤም እዚሁ ላይ ነው፣ ሱፉ ለተሠራበት ነገር ተስማሚ ነው። የአይስላንድ ሹራብም እንዲሁ። የአይስላንድ በግ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከታች አጭርና ለስላሳ ሁለት ዓይነት ፀጉር አለው፤ ሁለቱ ተደባልቀው እምብዛም ሳይከርሩ ነጠላ ክር ይሆናሉ። በእኔ ሕግ ቢሆን ነጠላ ፈትል ደካማ ነው፤ እዚህ ግን ረጅሙ ፀጉር ክሩን አሥሮ ይይዘዋል። መዳፍ ብቻ ቢፈርድ ያ ክር ከመደርደሪያው ባልተነሣ ነበር። ለአራስ ልጅ ቆብና ለአንገት ልብስ ግን ከቀጭኑ ሜሪኖ አንወርድም፤ የተገመደውን ፈልጉ፣ ስትፈትኑትም በመዳፍ ሳይሆን አንገታችሁ ላይ አድርጉት፤ የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ነው፣ አይፈርድም።

ዋጋስ? ውድ ክር የሚወደደው በአብዛኛው ስለ ቀጠነ ነው፤ ስለሚቆይ አይደለም። ስታወዳድሩ በግራም ሳይሆን በሜትር አስሉ። 100 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ልቃቂቶች አንዱ 100 ሜትር ሌላው 200 ሜትር ሊሆን ይችላል፣ የአዋቂ ሹራብ ደግሞ በመካከለኛ ክር ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠይቃል።

በርካሽነቱ የሚመረጠው አክሪሊክ ነው። አልንቀውም፤ በማሽን ይታጠባል፣ ብል አይበላውም፣ በዓመት ለሚጠብበው ልጅ ሹራብ ይበቃል። ሱፍ ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እርጥብ አይመስልም፣ እሳትም ቶሎ አይይዘውም። የምቃወመው አክሪሊክን በሱፍ ዋጋ መግዛትን ነው። ከጠረጠራችሁ የጣት ርዝመት ያህል ቆርጣችሁ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳህን አድርጋችሁ ለኩሱት። ሱፍ እየተኮማተረ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እሳቱ ሲርቅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ቅሪቱም በጣት ሲጫኑት ዱቄት ይሆናል። አክሪሊክ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝም የማይፈርስ ደረቅ ፍሬ ይሆናል። ሁለቱንም ምልክት ካያችሁ ቅልቅል ነው።

በማሽን የሚታጠብ ሱፍም አለ። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ የሚኮማተረው ፀጉሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው። በአንደኛው የታወቀ ዘዴ ፋብሪካው ቅርፊቱን በክሎሪን አጥቦ በስስ ሰው ሠራሽ ሙጫ ይሸፍነዋል። ክሩ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን የሹራቡ ዐይኖች ይንሸራተታሉ፣ ሹራቡም ከታጠበ በኋላ ሊረዝም ይችላል። እዚህም ልስላሴው የራሱ ዕዳ አለበት። ይህን በሱቅ ውስጥ ማወቅ አይቻልም፤ አንድ ልቃቂት ብቻ ገዝታችሁ ጎኑ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ናሙና ሥሩ፣ ለኩት፣ ሹራቡን በምታጥቡበት መንገድ እጠቡት፣ አንጥፋችሁ አድርቁ፣ እንደገና ለኩት፣ እርስ በርሱም ደኅና አድርጋችሁ ፈትጉት። እስከዚያው ሻጩ ቀሪውን እንዲያቆይላችሁ ጠይቁ፤ ክሩ አብሮ የተቀለመበት የማቅለሚያ ቁጥር በልቃቂቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ሌላ ቁጥር ካመጣችሁ ያው የመሰላችሁ ሰማያዊ ደረቱና እጅጌው ላይ ይለያያል።