አባቴን «የአባቴ ሠራተኛ ነው» ያልኩበት አውቶቡስ

እስቲ ለአንድ አፍታ ኪሳችሁን ዳብሱ። ሰው ፊት ስታወጡት የሚያሳፍራችሁ ነገር አለ? እኔ ነበረኝ። ሐሺሽ እንዳይመስላችሁ! የሌላ ሴት ፎቶም አይደለም። የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ነው። አዎ፣ ያቺ ቀጭን ወረቀት! ያኔ በሳንቲም ትገዛ የነበረች፣ ከአውቶቡሱ ስትወርዱ የምትጥሏት... እኔ ግን ከሰረቅኩት ዕቃ በላይ እደብቃት ነበር። ለምን? ለአንዲት ልጅ ስል ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው።

የተወለድኩት ወርቃ ነው። ለማታውቋት፣ ወርቃ ከይርጋ ጨፌ አልፎ ወደ ገደብ በኩል ያለች የጌዴኦ ቡና አገር ናት። ቡናው ከእንሰቱ ጋር ጎን ለጎን ይበቅላል፤ ዳገቱ ዳገት ነው፣ ሰው በእግሩ ይሄዳል። 12ኛ ክፍልን ዲላ ጨረስኩና በ1989 ዓ.ም. የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ልማር አዲስ አበባ መጣሁ። ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። አባቴ የእሸት ቡናውን ሽያጭ ብር በመሃረብ ቋጥሮ «ለመጽሐፍህ» ብሎ ሰጠኝ። ያረፍኩት ሳሪስ፣ አጎቴ ቤት ነበር።

ፋራው በፊት በር

በመጀመሪያው ቀን ቀዩና ቢጫው አውቶቡስ መጥቶ ሲቆም የፊቱ በር ተከፈተ። እኔም ዘልዬ ልገባ! ለካ መግቢያው የኋላው በር ነው፤ ትኬት ቆራጩ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ሰው ደግሞ በፊትና በመሃል ይወርዳል። የሚወርዱት ሰዎች ደረቴን እየገፉ መለሱኝ። አንዱ ጎረምሳ «ፋራ!» አለኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እናንተዬ፣ ያቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ «ከዚህ በኋላ ማንም ፋራ አይለኝም!»

ማታ ለአጎቴ ነገርኩት። ጋሼ በጃንሆይ ጊዜ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው የሠራ ሰው ነው። እየሳቀ፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ አውቶቡስ ከአንተም ከእኔም ታሪክ ይበልጣል፤ በደንብ ተዋወቀው» አለና ቡናው እስኪፈላ አጫወተኝ።

ከጭነት መኪና የተሠራው አንበሳ

የከተማው አውቶቡስ የተጀመረው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ገደማ (በፈረንጆቹ 1943) ነው። አውቶቡስ ተብሎ የተገዛ ነገር ግን አልነበረም። የመንግሥት ሥራና መገናኛ ጥቂት የጭነት መኪኖችን ለሰው መጫኛ እንዲሆኑ አስለውጦ ነው ሥራ ያስጀመረው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ሰው ባለ በቅሎው በበቅሎ፣ ባለ ጋሪው በጋሪ፣ የቀረው ደግሞ በእግሩ ነበር። «እንደ እናንተ ወርቃ!» አለኝ ጋሼ።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ነገሩ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ባለ አክሲዮኖቹ እነማን መሰሏችሁ? የንጉሡ ቤተ ዘመዶች ናቸው። ጎኑ ላይ ያለው አንበሳም የዘመኑ የዘውድ ምልክት ነበር። ጋሼ እንደሚለው ያን ጊዜ የአውቶቡስ ሾፌር መሆን ቀላል ማዕረግ አይደለም፤ ኮፍያውን ደፍቶ በሰፈር ሲያልፍ ልጅ ያላቸው እናቶች ዞር ብለው ያዩታል።

ነገር የተበላሸው በየካቲት 1966 ነው። በዓለም የነዳጅ ዋጋ ናረ፣ እዚህም ቤንዚን ተጨመረ። ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ መምህራንም በትምህርት ጥናቱ ተቆጥተው አደሙ። ወጣቱ ወደ መንገድ ወጣና... ድንጋይ! በማን ላይ? በአንበሳ አውቶቡስ ላይ ነዋ። ባለቤቶቹን ስለሚያውቅ። «መስታወቱ እንደ በረዶ ሲረግፍ ትኬቴን አቅፌ ወለል ላይ ተኛሁ። ድንጋዩ ለእኔ እንዳልተላከ አውቃለሁ፤ የሚያርፈው ግን እኔ ላይ ነው» አለኝ ጋሼ፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ እየነካ። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቢቀንስም ረፍዶ ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ አብዮቱ ደርሷል። አውቶቡሱም በደርግ ተወረሰና የሕዝብ ትራንስፖርት ኮርፖሬሽን ሆነ። ዘውዱ ወደቀ፣ «አንበሳ» የሚለው ስም ግን ከሰው አፍ አልወደቀም።

በሰፈር ሰው ተቃቅፎ የሚቀመጥበት ታክሲ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ፣ በዘመኑ «የውይይት ክበብ» ወሬ ስለነበር ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ ሰየመው። ፊያቱ፣ መርሴዲሱ፣ ዳፉ... አውቶቡሱ በየጊዜው ተለዋወጠ። በ1986 ዓ.ም. ድርጅቱ ከኮርፖሬሽኑ ተለይቶ ለብቻው ቆመ። እኔ የደረስኩት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ያኔ «አንበሳ የገባ ሰው ሲኒማ መግባት አያስፈልገውም» ይባል ነበር። ጠቡም፣ ኪስ አውላቂውም፣ ፍቅሩም በአንድ ትኬት!

ቡና ላኪው አባቴ

የእኔ ፍቅር ግን ከአውቶቡስ ውጭ ነው የያዘኝ። ክፍላችን ውስጥ ነበረች። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ከማንም ጋር ብዙ የማታወራ፣ ስትስቅ ግን ክፍሉን የምታሞቅ ልጅ። «አገርህ የት ነው?» ስትለኝ «ዲላ» አልኳት። ወርቃን ደበቅኩ። «አባትህ ምን ይሠራል?» ስትለኝ ምላሴ እንዴት እንደፈጠነች አላውቅም... «ቡና ላኪ ነው፤ ሁለት መኪና አለው» አልኳት። በአንድ አፍ ሁለት መኪና!

ውሸት አንዴ ከወጣ በኋላ ቀለብ ይፈልጋል። ጠዋት በአንበሳ እመጣና ከትምህርት ቤቱ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። እሷ ፊት ስሆን ግን ኮንትራት ታክሲ! ኬክ ቤት! የአባቴ የመሃረብ ብር እንደ ጉም ተነነ። ለአባቴ «መጽሐፍ ተወደደ» ብዬ ጻፍኩ። እሱም ጨመረልኝ። ከየት አምጥቶ እንደጨመረ ያኔ አልጠየቅኩም።

በዓመቱ አባቴ እኔን ለማየት መጣ። በአንዱ እጁ የቡና ከረጢት፣ በሌላው ቆጮ ይዞ። በማግስቱ «ወንድሜ የሠራበትን አውቶቡስ አሳየኝ» አለኝ። ወሰድኩት። ለገሐር ደርሰን ወንበር አግኝተን ተቀመጥን፤ አባቴ በመስኮቱ እያየ እንደ ሕፃን ፈገግ ይላል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በኋላ በር ማን ገባ? እሷ!

ደሜ ቀዘቀዘ። «እንዴ! አንተ ደግሞ በአውቶቡስ?» አለችኝ። «መኪናው ጋራዥ ገብቶ ነው» አልኩ። ወደ አባቴ ዞር አለች። የጎማ ጫማውን፣ ጋቢውን፣ በጭቃ የተነካካውን ሱሪ አየች። «እሳቸውስ?»

«የአባቴ... የአባቴ ሠራተኛ ነው። ዕቃ ሊያደርስ መጥቶ ነው።»

«ናቸው» እንኳን አላልኩም፤ «ነው»!

አባቴ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ብድግ አለና «አዎ የኔ እመቤት፣ የጌታዬ ልጅ ነው» አላት። «ተቀመጪ፣ እኔ መቆም ለምጃለሁ።» እሷ «ኧረ አይሆንም» ብትልም አስቀመጣት። እስከ ሳሪስ ድረስ ብረቱን ይዞ ቆመ። እኔ ተቀምጫለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ የረዘመ መንገድ አልሄድኩም።

«ትኬትህን ደብተርህ ውስጥ አየሁት»

አባቴ በማግስቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። አንድም ቃል አልተናገረኝም። ጋሼ ግን ነገሩን ሲሰማ፣ «እኔ ድንጋይ የወረወሩብኝን ይቅር ብያለሁ። አንተ የወረወርከው ግን የራስህ አባት ላይ ነው» አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷን ቁጭ አድርጌ እውነቱን ነገርኳት። አልደነገጠችም። «አውቃለሁ» አለችኝ። እንዴት? «የዛሬ ሦስት ወር ደብተርህን አውሰኸኝ ነበር። በየገጹ መሃል የአውቶቡስ ትኬት አለ። ሁለት መኪና ያለው ሰው ልጅ ያን ሁሉ ትኬት ምን ያደርጋል? እኔም እኮ በአንበሳ ነው የምመጣው፤ አንድ ቀን እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

ደስ አለኝ! ተገላገልኩ ብዬ እጇን ልይዝ ስል እጇን ሰበሰበች። «ድህነትህ አላስቀየመኝም። ውሸትህንም እችለው ነበር። አባትህ ቆመው እኔ መቀመጤን ግን አልችለውም። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥከኝ አንተ ነህ» አለችኝና ሄደች። አልተመለሰችም። አልፈርድባትም።

ክፍያ የተቀበልኩት ለፋሲካ ወርቃ ስሄድ ነው። ጉልበቱ ላይ ወደቅኩ። አባቴ አነሳኝና ስለዚያ ቀን የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ «አውቶቡሱን ወድጄዋለሁ። ከረባት ያሰረውም እኔም እኩል ከፈልን፣ እኩል ቆምን። እንዲህ ያለ ነገር አገራችን ቢመጣ ጥሩ ነበር።»

«ለሁሉም»

ይህን የአባቴን ቃል ከዓመታት በኋላ ነው የተረዳሁት። በ1662 ፓስካል የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ ፓሪስ ላይ ማንም በአምስት ሱ የሚሳፈርበት የፈረስ ሰረገላ አስጀምሮ ነበር። ግን ወታደርና አሽከር እንዳይሳፈር ተከለከለ፤ ሰረገላውም ቆይቶ ከሰረ። በ1826 ናንት በምትባል ከተማ እንደገና ሲጀመር ስሙ «ኦምኒበስ» ሆነ፤ በላቲን «ለሁሉም» ማለት ነው። ዛሬ «ባስ» የምንለው የዚያ ቃል ጭራ ነው። አሜሪካ ውስጥም በ1955 ሮዛ ፓርክስ ወንበሬን አለቅም ባለች ጊዜ የሞንትጎመሪ ጥቁሮች ለ381 ቀን አውቶቡስ ሳይሳፈሩ በእግራቸው ሄዱ። እነሱ የአውቶቡስ ወንበር ለማግኘት ታገሉ፤ እኔ በአውቶቡስ መሳፈሬን ለመደበቅ ታገልኩ። ማን ነው ፋራ?

አንበሳም ከዚያ ወዲህ ብዙ አየ። ቢሾፍቱ የተገጣጠሙት አውቶቡሶች መጡ፣ በመስከረም 2008 የከተማው ባቡር ተጀመረ፣ ሸገር አውቶቡስ ተከተለ፣ በኋላም አንበሳና ሸገር በአንድ ድርጅት ተጠቃለሉ። የሸሸግኳት አገሬም ስም አወጣች፤ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ያ አባቴ በጎማ ጫማ የሚወጣው ዳገት ማለት ነው!

እንግዲህ ወጣቶች፣ የዛሬው ኮንትራት ታክሲ በስልክ የሚጠራው መኪና ሆኗል እንጂ ነገሩ ያው ነው። በሰፊው ከከፈልኩት ዋጋ በነፃ ልምከራችሁ፦

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ቀን የማትሆኑትን አትሁኑ። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይወደዳል።

ሁለተኛ፣ ከቤት የተላከ ብር ላብ አለው። ኬክ ቤት ከመግባታችሁ በፊት የማን ላብ እንደሆነ አስቡ።

ሦስተኛ፣ የምትወዷት ልጅ ወይም የምትወጂው ልጅ በምን እንደምትመጡ ሳይሆን ከማን እንደመጣችሁ ሲያውቅ የሚሸሽ ከሆነ፣ ይሽሽ! ቀድሞም ሊወርድ ያሰበ ተሳፋሪ ነው።

አራተኛ፣ አውቶቡስ ውስጥ አባት ቆሞ ካያችሁ ተነሱ። የማንም አባት ይሁን።

እኔ ዛሬም አልፎ አልፎ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ወንበር ባገኝም ከለገሐር እስከ ሳሪስ አልቀመጥም፤ ብረቱን ይዤ እቆማለሁ። ትኬቷንም አልደብቃትም።