ቆብ የደፋችው ቢጫ ወፍ ግሪሳ አይደለችም

ማሽላ ወተት መቋጠር ሲጀምር ማማ ላይ የወጣ ወፍ ጠባቂ ወንጭፉን ሲያዞር ወፍ አይመርጥም። ስም የሌላትማ ከሁሉም በፊት ትመታለች። ከአዲስ አበባ አብነት ሰፈር እስከ ጎንደር ገጠር ብዙ ሰው «ቢጫ ወፍ» ብሎ ከሚያልፋቸው አንዷ በውጭ አገር «ኦሪዮል» የምትባለው ናት። ቃሉ የመጣው «ወርቃማ» ከሚል የላቲን ስያሜ ነው።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው የኦሪዮል ዝርያ ግን ቀድሞ የአማርኛ ስም ነበራት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ያመጣውን መረጃ ይዞ፣ የፈረንሳዩ የተፈጥሮ ሊቅ ቡፎን ወፏን «ሞሎክሲታ» ብሎ መዘገባት፤ ትርጉሙንም «የሐበሻ መነኩሲት» አለው። መነኩሴ በቀድሞው አማርኛ «መሎክሴ» ይባል ስለነበር ቃሉ «መሎክሲት» መሆኑ ግልጽ ነው። በ1789 የተሰጣት ሳይንሳዊ ስም፣ «ሞናካ»፣ ይህንኑ ትርጉም ይዟል። ጥቁሩ ራሷና ጉሮሮዋ ቆብ የደፋች ያስመስላታል።

ይህ ጉዳይ ግብርናን የሚመለከተው ስሟ ሲረሳ ከሰብል አጥፊዎች ጋር ስለምትደባለቅ ነው። ጎጆውን ከቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ የሚሠራው፣ እህል የሚበላው ወፍም ወንዱ ቢጫ ሆኖ ራሱ ጥቁር ነው። መለያው ምንቃሩ ነው፤ የእህል በሊታው አጭር፣ ወፍራምና ጥቁር ሲሆን የመነኩሲቷ ረዘም ያለና ቀላ ያለ ነው። ግሪሳም ምንቃሩ ቀይ ቢሆንም አጭርና ወፍራም ነው፤ አካሉም ከእሷ በግማሽ ያህል ያንሳል፤ በሺዎች ሆኖ ማሳ ላይ ይወርዳል። መነኩሲቷ ብቻዋን ወይም ጥንድ ሆና በዛፍ አናት ላይ ትውላለች፤ ከመታየቷ በፊት ዋሽንት የመሰለ ድምፅዋ ይሰማል።

ምግቧ ትልና ነፍሳት፣ እንደ ሾላ ያለ የዛፍ ፍሬም ነው። የበሰለ ፍራፍሬ መንቆሯ ባይቀርም ማሽላና ጤፍ ግን አታራግፍም። አባጨጓሬ ትለቅማለች፤ የበላችውን ፍሬ ዘር ወደ ሌላ ቦታ ታደርሳለች። መኖሪያዋ ደን በመሆኑ የቤተ ክርስቲያን ዐጸዶችና የወንዝ ዳር ዛፎች መጠጊያዎቿ ናቸው።

ስለዚህ «ወፍ ሰብል አጠፋ» የሚል ጥቆማ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲደርስ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የምንቃሩን ቅርጽ፣ የመንጋውን ብዛት፣ የጎጆውን ዓይነትና የተጎዳውን ሰብል አይቶ ይመዝግብ። የግሪሳ መከላከያ ኬሚካል በደን ዳር ሲረጭ የሚሞተው ግሪሳ ብቻ አይደለም። አርሶ አደሩም ወንጭፉን ከመልቀቁ በፊት ምንቃሩን ይይ። በየቀበሌው ያሉ አረጋውያንም ወፏን በምን ስም እንደሚጠሯት ይጠየቁ፤ ስሟ የታወቀ ወፍ በስህተት አትመታም።