የእረፍት ወር በካኩማ፦ ሽርሽሩም እንግዳውም በአቅማችን

አገር ቤት ላደግነው ክረምት ሲባል ትዝ የሚለን ዝናብ፣ ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው። ካኩማ ለተወለዱ ልጆቻችን ግን ክረምት ማለት የኦገስት እረፍት፣ አቧራና ፀሐይ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልጆች ቤት ይውላሉ፣ ወላጅም «አሁን ምን ላድርጋቸው?» ይላል። በዛሬው ዝግጅታችን በሰፈራችን ያለ አንድ ወጣት ቤተሰብ ያለፈውን እረፍት እንዴት እንዳሳለፈ እናካፍላችኋለን።

ባልና ሚስቱ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። እሷ እዚሁ ካምፕ ተወልዳ ያደገች ናት። የ9፣ የ6 እና የ2 ዓመት ልጆች አሏቸው። አባት በኢንሴንቲቭ ይሠራል፣ እናት ጠዋት ጠዋት ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ቀኑ የሚጀምረው በቧንቧ ወረፋ ነው፤ ጀሪካኑ ሞልቶ ሳይገባ ሌላ ሥራ የለም። ፀሐዩ ከበረታ በኋላማ እስከ አሥር ሰዓት ከኒሙ ጥላ ንቅንቅ የሚል የለም።

ወደ ሎድዋር ወይም ናይሮቢ ለመሄድ የመንቀሳቀሻ ፈቃድም የመኪና ገንዘብም ያስፈልጋል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ተመካክረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ እንዲወጣ ወሰኑ። አንዱን ቅዳሜ ኢትዮጵያውያን ገበያ ሄደው ሻይ በዳቦ ጠጡ። ሌላውን ኳስ ሲያዩ ዋሉ። ሦስተኛውን ታራች ዳር ግራር ሥር ተቀመጡ። ትልቋ ልጅ ማታ ማታ ያየችውን በደብተር ትጽፋለች። ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ሦስት መስመር ነበር፣ በመጨረሻው ቅዳሜ ገጹ ሞልቷል።

ስለ ታራች አንድ ነገር እናሳስብ። ላጋው ደረቅ ሲሆን አሸዋው ለልጆች ጥሩ መጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን ላይ አገር ከዘነበ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፍ በድንገት ይመጣል። ይህ ቤተሰብ ዳር ላይ ተቀመጠ እንጂ አሸዋው ውስጥ አልገባም። ልጆችን ብቻቸውን ወደዚያ አንላክ።

ከሁሉ የከበደው የእንግዳ ነገር ነበር። እርዳታው ከኦገስት 2025 ጀምሮ በደረጃ ከተከፋፈለ ወዲህ የሁሉም ጓዳ አንድ አይደለም። እናትየው አክስቷ ከካሎቤዬ ልትመጣ መሆኑን ስትሰማ ደስም አላት፣ ጨነቃትም። «መምህር፣ እንግዳ ጠልቼ አይደለም፤ ምን አቀርባለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ይህ ጭንቀት የብዙ ቤት ጭንቀት ነው። በዚሁ ሰበብ መጠያየቅ የተዉ ዘመዳሞችም አሉ።

አክስት ግን ሁለት ኪሎ ዱቄትና ትንሽ ሽሮ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። ሳይቀመጡ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት አስገቡና «ልጠይቃችሁ እንጂ ልበላችሁ አልመጣሁም» ብለው ሁሉንም አሳቁ። የምቆየው አራት ቀን ነው ብለውም አስቀድመው ተናገሩ። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ሥጋ የለ ወተት የለ፣ ሽሮው በቃ። ቡናውንም ጎረቤቶች አንዷ ፍሬውን፣ አንዷ ስኳሩን፣ አንዷ ከሰሉን ይዘው መጥተው አብረው ጠጡ።

አክስት ለልጆቹ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ገበጣ አስተማሯቸው፤ ቅልብልቦሽና ሰኞ ማክሰኞም አልቀረም። ገበጣ ጠጠር መቁጠርና አስቀድሞ ማሰብ ስለሚጠይቅ ለሒሳብ ጥሩ ልምምድ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ የሰፈሩ ልጆች እየዞሩ ጨፈሩ፤ የደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን ልጆችም ዜማውን ይዘው አብረው አሉ። ከዚህ ቤት የተሰጣቸው ሙልሙል ትንሽ ነበር፣ ግን ለሁሉም ደረሰ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከዚህ ቤተሰብ ብዙ እንማራለን። ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ አቅማችን የፈቀደውን፣ አንድ ጣሳ ዱቄትም ቢሆን፣ ይዘን እንሂድ፤ ስንት ቀን እንደምንቆይም እንናገር። እንግዳ የሚቀበል ሰው ደግሞ ያለውን ሲያቀርብ አይፈር። ራሽን ቢቀንስ እንኳ መጠያየቃችን አብሮ መቀነስ የለበትም። እዚህ የሚወለዱ ልጆቻችን አክስትና አጎት ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቁት በሩ ሲንኳኳ ነው።

መልካም የእረፍት ጊዜ!