«እኔ እኮ አይቻችሁ ነበር!» — ጓሳ ላይ በሞተር ለሚሄዱ፦ ሙቀት ከስር፣ ብርሃን ከላይ

ዛሬ ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ ይዣችሁ ልሂድ።

ባለፈው ክረምት ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ እየተጓዝን ነበር። ጓሳ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወረደ። ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ግን የመሸ ነው የሚመስለው። ሹፌራችን መስታወቱን ዝቅ አድርጎ በዓይኑም በጆሮውም ነው የሚነዳው። ድንገት ፍሬን ያዘ። ጥቂት ሜትር ከፊታችን አንድ ሞተር ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሁለት ሰዎች ተፈናጠውበታል። መብራት የለም። ሁለቱም ጥቁር ቡናማ ባና ተከናንበዋል፤ ጭንቅላታቸው ላይ ያለው የሱፍ ቆብ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። ሹፌራችን ግን ወርዶ ተቆጣ። «አንተ ልጅ፣ ጨርሼህ ነበር እኮ! ምናለ መብራት ብታበራ?»

ልጁ ደንግጧል። «እኔ እኮ አይቻችሁ ነበር ጋሼ! መብራታችሁ ከሩቅ ይታያል። ዳሬን ይዤ ነበር የምመጣው» አለ።

እውነቱን ነው። እሱ አይቶናል። እኛ ግን አላየነውም። የዛሬው ጽሑፍ ሙሉ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሞተረኛው ማየቱን እንደ መታየት ይቆጥረዋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለምን እንዲህ እንደለበሰ ስጠይቀው «አይ ዶክተር፣ የዚህን አገር ብርድ አታውቀውም!» አለኝ።

❄️ ብርዱ እውነት ነው

ልጁ ላይ አልፈርድም። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር አካባቢ ያለ ከፍታ ነው። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሞተር ላይ ሲሆን ደግሞ ንፋሱ ብርዱን ያብሰዋል። የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ቢሆንና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ የተጋለጠው ቆዳችሁ የሚሰማው ወደ ዜሮ ዲግሪ የተጠጋ ብርድ ነው።

ይህ ምቾት የማጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደሙን ወደ ውስጥ፣ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሰበስባል። መጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው። የሞተር የፊት ፍሬንና ፍሪሲዮን ደግሞ ያሉት በጣት ነው! የደነዘዘ ጣት ይዘገያል፣ ያዝኩ ብሎም በደንብ አይዝም። ስለዚህ ጓንት ጓሳ ላይ የፍሬን አንድ አካል ነው።

«ለብርዱ አንድ መለኪያ» ብሎ አረቄ የሚቀምስም አለ። አረቄ ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ስሮች ስለሚያሰፋ የሞቃችሁ ይመስላችኋል፤ በተግባር ግን የሰውነታችሁን ሙቀት ለንፋሱ እየሰጣችሁ ነው። ላይ ላዩን ሞቆ ውስጡ የቀዘቀዘ፣ ፍሬን ለመያዝም የዘገየ ሞተረኛ ይወጣዋል።

እንግዲህ ችግሩ መልበሱ አይደለም። ብርዱ ያስለበሰን ነገር በሦስት መንገድ ለአደጋ ማጋለጡ ነው፦ ይሰውረናል፣ ይጠልፈናል፣ የሄልሜትን ቦታ ይወስዳል።

👁 አንደኛ፦ ይሰውረናል

የመንዝ በግ ፀጉር በአብዛኛው ጥቁርና ቡናማ ነው። ባናውም በርኖሱም ያንኑ ቀለም ይይዛል። የጓሳ ሣር ሲደርቅ ቡናማ፣ መንገዱም ጭቃማ። ጉም ሲጨመርበት ሞተረኛው ከመሬቱ ጋር አንድ ይሆናል።

እስቲ አብረን እናስላ። መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ1 ሴኮንድ 11 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 1.5 ሴኮንድ ቢፈጅ ወደ 17 ሜትር አለፈ ማለት ነው። በእርጥብ አስፋልት ለመቆም ሌላ 12 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 29 ሜትር። ጉሙ የሚያሳየው 30 ሜትር ከሆነ የተረፈው 1 ሜትር ነው! ኮረኮንች ላይ ከሆነ እሱም የለም። ሞተሩ ደግሞ ወደ መኪናው እየመጣ ነው እንጂ ቆሞ አይጠብቅም።

መፍትሔው ከ30 ሜትር በላይ ርቆ መታየት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦

👉 ደማቅ ቀለም (ዓይን የሚወጋው ቢጫ-አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ) የሚሠራው በቀን ነው። ደመናም ጉምም ቢኖር የቀን ብርሃን እስካለ ድረስ ጎልቶ ይወጣል። በጨለማ ግን ዋጋ የለውም።

👉 አንጸባራቂ (ብርማ ጭረቱ) የሚሠራው በማታ ነው። የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመልሳል። በቀን ግን ተራ ግራጫ ጨርቅ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም አንድ ላይ ያሉበትን ሰደርያ ምረጡ፤ ትራፊክ ፖሊሶችና የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ዓይነት። ከሁሉም ልብስ በላይ መሆን አለበት። ሰደርያ ለብሶ ባና የደረበበት ሰው ሰደርያ እንደለበሰ አይቆጠርም።

በኒውዚላንድ ኦክላንድ በሞተረኞች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ደማቅ ወይም አንጸባራቂ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች በአደጋ የመጎዳት ዕድላቸው ካልለበሱት በ37 በመቶ ያነሰ ነበር። ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ፣ በቀን መብራት የሚያበሩት ከማያበሩት በ27 በመቶ ያነሰ ነበር። የሚለብስ ሰው ከመጀመሪያውም ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ሁሉ የልብሱ ነው አልልም። ግን መብራት ማብራት ምን ያስከፍላል?

በጉም ጊዜ አጭሩን መብራት አብሩ። ረጅሙ ጉሙ ላይ አርፎ ወደ ራሳችሁ ዓይን ይመለሳል። የኋላ መብራታችሁን በየማረፊያው ጥረጉት፤ ጭቃ ከለበሰ የለም ማለት ነው። ከባድ መኪኖች ጀርባ ላይ የሚለጠፈውን አንጸባራቂ ቴፕ ቆረጥ አድርጋችሁ ሞተሩ ጀርባና ጎን ላይ፣ ሄልሜቱም ጀርባ ላይ ለጥፉ።

🧣 ሁለተኛ፦ ይጠልፈናል

ኢሳዶራ ደንከን የምትባል ስመ ጥር አሜሪካዊት ዳንሰኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1927 ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ውስጥ ክፍት መኪና ላይ ተቀምጣ ስትሄድ፣ አንገቷ ላይ የጠመጠመችው ረጅም ሻርፕ የመኪናው ጎማ ውስጥ ገባ። ሕይወቷ ያለፈው በዚያ ነው።

የእኛ ጋቢ፣ ነጠላና ባና ደግሞ ከሻርፕ ይረዝማሉ። የሞተር የኋላ ጎማና ካቴና ክፍት ናቸው፤ የጋቢው ጫፍ አንዴ ከተያዘ ጎማው ዞሮ ለመጠቅለል ጊዜ አይፈጅበትም። ጨርቁ አንገት ላይ ከተጠመጠመ ያንቃል፣ የአንገት አጥንት ይጎዳል። ወገብ ላይ ከሆነ ሰውየውን ከሞተሩ ላይ ጎትቶ ይጥላል። ይህ በተለይ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ይመለከታል፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶችንና እህቶችን!

ምን እናድርግ? ሙቀቱን ከስር አድርጉት። ሹራብ ደርቡ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት እስከ አንገት ዝጉበት። ንፋሱን የዘጋ ጃኬት ያለበት ሁለት ሹራብ፣ ንፋስ ከሚያራግበው ባና ይሻላል። ነጠላውን አጣጥፋችሁ ከጃኬት ስር አስገቡ። ትልቁን ባና ጠቅልላችሁ ኮርቻው ጀርባ ላይ በገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ስትደርሱ ትለብሱታላችሁ። አትጣሉት ግን፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ከታች እነግራችኋለሁ።

🪖 ሦስተኛ፦ የሄልሜትን ቦታ ይወስዳል

የሱፍ ቆብ ጆሮ ያሞቃል፣ ግን ጭንቅላት አያድንም።

አንጎል የራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት መሬት ሲመታ ቅሉ ይቆማል፣ አንጎሉ ግን መንቀሳቀሱን ይቀጥልና ከውስጥ ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል። በሄልሜቱ ውስጥ ያለው ደረቅ ፎም ሥራው መጨፍለቅ ነው። እሱ ሲጨፈለቅ ጭንቅላት በአንዴ ከመቆም ይልቅ በጥቂቱ ቀስ ብሎ ይቆማል። በዚያች ቅንጣት ጊዜ ነው ሕይወት የሚተርፈው።

ይህን ያስተማረን የአንድ ሰው ሞት ነው። «የአረቢያው ሎረንስ» የሚባለው ታዋቂ የእንግሊዝ መኮንን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ሁለት ብስክሌተኛ ልጆችን ለማዳን ሲል ከሞተሩ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ከ6 ቀን በኋላ አረፈ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ኬርንስ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ሲያጠና ቆይቶ በ1941 ጽሑፉን አሳተመ፤ የእንግሊዝ ጦርም ለሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል።

ስትገዙ እንዲህ ፈትኑት፦
✅ አድርጋችሁ ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ፤ ሄልሜቱ ለብቻው መንቀሳቀስ የለበትም።
✅ ማሰሪያው ሲታሰር በአገጭና በማሰሪያው መካከል ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም። ያልታሰረ ሄልሜት ከእናንተ ቀድሞ ነው የሚወድቀው።
✅ ከኋላ ወደ ፊት ግፉት፤ ከወለቀ ሰፊ ነው።
✅ ወፍራም የሱፍ ቆብ ከስር አታድርጉ፤ ሄልሜቱን ያላላዋል። ስስ ቆብ ይበቃል።
✅ አንዴ በአደጋ የተመታ ሄልሜት ፎሙ ተጨፍልቋል፤ ውጪው ደህና ቢመስልም ይቀየር።
✅ የግንባታ ቆብ የሞተር ሄልሜት አይደለም!

መስታወቱ በትንፋሽ ከደበዘዘ በትንሹ ክፈቱት። ጥቁር መስታወት ለጉምና ለማታ አይሆንም። ከኋላ የሚቀመጠው ሰውም ጭንቅላት አለው፤ ሁለተኛ ሄልሜት ያዙ።

🚑 ሆስፒታሉ ሩቅ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ የወደቀና ጓሳ ላይ የወደቀ ሰው እኩል አይደሉም። ጓሳ ላይ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ መንገዱ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላት ውስጥ ለሚፈስ ደም ይህ በጣም ረጅም ጊዜ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ከናንተ ጋር የሚሄደው የመጀመሪያው ሐኪም ሄልሜታችሁ ነው።

አደጋ ካጋጠማችሁ፦
👉 መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይመጣባችሁ አስጠንቅቁ። ከዚያ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ መስመር ከሌለ ሰው ላኩ።
👉 የተጎዳውን ጎትታችሁ አታንሱት፤ አንገቱና ጭንቅላቱ ቀጥ ብለው ይያዙ። መተንፈስ እስካልከለከለው ድረስ ሄልሜቱን አታውልቁ።
👉 የሚደማውን በንጹህ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ።
👉 አሁን ያ ባና ይፈታ! ከስሩም ከላዩም አድርጉለት። የቀዘቀዘ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም። ውሃም አረቄም አትስጡት።
👉 «ደህና ነኝ» ብሎ ቢነሳም አትመኑት። ጭንቅላት ውስጥ የሚደማ ሰው ለሰዓታት ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መቀባዠር፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹህ ፈሳሽ መውጣት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል!

🚗 ለባለመኪናዎች

ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ ጓሳ የምትወጡ ወዳጆቼ፣ እናንተንም ይመለከታል። በጉም ውስጥ መቆም በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ንዱ። አጭሩን መብራት አብሩ። ጠመዝማዛው ላይ ክላክስ አድርጉ። መንገዱ የበግ መንጋም፣ የጭላዳም፣ ያ ልጅ የሚሄድበትም ነው።

የመንዝ ሰው ሣሩን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል የጋራ ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ ነው። ሣሩ ዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ጊዜው ሲደርስ አብሮ ይታጨዳል። ለሣር የጋራ ደንብ ያወጣ አገር ለልጆቹ ጭንቅላት ማውጣት አያቅተውም። ሄልሜት በትራፊክ ደንቡም ግዴታ ነው፤ ግን ከደንቡ በፊት «ያለ ሄልሜት አልፈናጠጥም» የሚል ተሳፋሪ ይቀድማል።

አገር ቤት ሞተር የሚነዳ ወንድም፣ የአክስት ልጅ ወይም የጤና ሠራተኛ ጓደኛ ካላችሁ፣ ለመጪው በዓል ሹራብ ከመላክ አንድ ነጭ ሄልሜትና አንድ አንጸባራቂ ሰደርያ ላኩለት። ስትሰጡትም እንዲህ በሉት፦ «ማየትህን አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው እንድትታይ ነው።»

ሼር አድርጉት፤ ጉሙ ሳይወርድ ይድረስ። መልካም ጉዞ!